ለጭብጨባ የማይመች

ዲላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክ፣

ሰላምታህን እናትህ ቤት ሄጄ አድርሻለሁ። ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ያው እንደተውከው ነው። «ልጄ ጊታር ተሸክሞ አዲስ አበባ ድረስ የሄደው ቃል የሌለው ነገር ሊጫወት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቃል የሌለውን ከእኔ ጋር ነው የሚሠራው፣ ሆቴል ውስጥ ቃል ያለውን ይጫወታል አልኳቸው። የትኛው እንደሚሻላቸው አልነገሩኝም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ የሚያንኳኳው ነገር የቀረጻ ብልሽት አይደለም፤ እንዳታጠፋው። ሬኮ ወርጄ፣ የአጎቴ ልጅ ከሚሠራበት ቡና ማጠቢያ የቀዳሁት የመፈልፈያ ማሽን ነው። መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ተሰፍቷል። ማሽኑ ስድስት ጊዜ ለስለስ ብሎ ይሄድና በሰባተኛው ስፌቱ መዘውሩን ይመታዋል። የመጣው እሸት ቡና ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ቆሜ ቆጠርኩት፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ሥራውን በሙሉ በሰባት ምት የሠራሁት ለዚህ ነው እንጂ አንተ እንደምትለው ሰው ለማስቸገር አይደለም። ትንሽ ለማስቸገርም ነው።

ሌላው እንደምታውቀው ነው። መጀመሪያ ሲንተሳይዘሩ ብቻውን ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ድራሙ፣ አምስተኛው ላይ ቺንጋው፣ ከዚያ ያንተ ጊታር። በጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚህ ላይ የምቆርጠው የለኝም።

ፋይሉን ኢንተርኔቱ ዛሬም እምቢ ስላለ እንደ ወትሮው በፍላሽ ቀድቼ ለሹፌሩ ለከፈለኝ ሰጥቼዋለሁ። አውቶቡሱን ከማስነሳቱ በፊት ፖስታውን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ «የዛሬውስ ወፍራም ነው፤ ተጣልታችኋል እንዴ?» አለኝ። ፍላሽ ባዶውን መላክ ደስ ስለማይለኝ የምጠቀልልበት ወረቀት ነበር፤ አሁን ደብዳቤ ሆኖ ቀረ።

ሥራው ሲለቀቅ ስሜ እንዳይወጣ ያልኩህ እንደጸና ነው። «ጀንፈል» የሚለው ይበቃል። ሳይፈለፈል ከነቆዳው የሚደርቅ ቡና ለእኛ የማይመጥን ስም አይደለም። አንተን ምንም አይነካህም። እኔ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ የፊዚክስ አስተማሪ፣ እሁድ የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ያንን አዳራሽ የምወደው ለይስሙላ አይደለም። «ጸሐይ ዓለማዊ ሙዚቃ ትሠራለች» ከተባለ በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ፊት ነኝ፤ በቦታዬ ሌላ ሰው ይቀመጣል።

ነገ ቡሌ እወጣለሁ። አክስቴ አርፋለች። እሁድ ስለማልደርስ ለጸሎት ሰዓት የሚሆን ሙዚቃ በሌላ ፍላሽ ቀድቼ ለድምፅ ባለሙያችን ለጆሲ ትቼለታለሁ።

ጊታሩን እንደገና ስትቀዳ መስኮቱን ዝጋ። ባለፈው የጎረቤትህ አውራ ዶሮ ገብቶበታል።

ጸሐይ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጸሐይ እህቴ፣

ጌታ ያጽናሽ። እናንተ ዘንድ እንዲህ የሚባል ይመስለኛል፤ ካልሆነም በእኛው ነፍስ ይማር። ቡሌ ላይ ዝናብ የያዘን ቀን ጋቢ አውጥተው የሰጡኝ አክስትሽ እሳቸው ከሆኑ ደግ ሴት ነበሩ።

ስልክሽ ከሐሙስ ጀምሮ አይጠራም። ቡሌ ኔትወርክ የሚገኝበትን ጉብታ ሳታገኚው ቀርተሽ ይሆናል። ስለዚህ ጻፍኩ። ከፈለኝ ነገ ይወርዳል፤ ዲላ ስትገቢ ይደርስሻል።

ፍላሹን ዛሬ ከፈትኩት። ጀንፈል የለበትም።

ያለበት ለስለስ ያለ ኦርጋን ነው። መጀመሪያ አዲስ መግቢያ የሠራሽ መስሎኝ ድራሙ እስኪገባ ጠበቅኩ። አልገባም። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው፣ ይቺ ሴት አደገች ብዬ ሳደንቅሽ ነበር። ከዚያ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት፤ «በሌላ ፍላሽ ቀድቼ ለጆሲ» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሥቼ ቆምኩ።

ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሁለቱም አንድ ሱቅ የተገዙ ናቸው። ምልክት አድርጊባቸው ብዬሽ ነበር፤ አሁን ይህን መጻፌ ምንም እንደማይጠቅም አውቃለሁ።

ነገ እሁድ ነው። የጆሲ ስልክ የለኝም። እናቴ ዘንድ ደውዬ ልላካት አስቤ ነበር፤ ግን ነጠላዋን አጣፍታ እናንተ አዳራሽ በር ላይ ቆማ «ሙዚቃውን አጥፉት» ስትል ታየኝና ተውኩት።

ምናልባት መብራት ይጠፋ ይሆናል። ዲላ አይደለም እንዴ?

ዘርዓብሩክ


ዲላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክ፣

መብራት አልጠፋም።

ከቡሌ ሰኞ ማታ ገባሁ። መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ግማሹን በእግር ወረድኩ። በሩ ላይ ጆሲ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱን አይቼ ሌላ ሰው ሞቷል ብዬ ነበር።

ምን ሆነ ብለህ በስልክ ለጠየቅከኝ፣ እኔ ስላልነበርኩ ጆሲና ሌሎች የነገሩኝን ነው የምጽፍልህ። የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ጆሲ ፍላሹን ሰካ። ያለው ፋይል አንድ ብቻ ስለሆነ አልተጠራጠረም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ማንም ምንም አላለም፤ ሲንተሳይዘሩ ብቻ ነዋ። ድራሙ ሲገባ የጆሲ እጅ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ቀና ሲል የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዘነበ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ እጃቸውን አንሥተው ቆመዋል። «ዓይኑን በጨፈነ ሽማግሌ ላይ እንዴት አጠፋለሁ?» አለኝ።

ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ሰባት ምት ነው፤ አስበው። አራቱን አጨበጨቡ፣ ሦስቱ ላይ ተጠላለፉ። አንዱ ሲመታ ሌላው ያነሣል። መሪው መድረክ ላይ ሆኖ ሊያስተካክላቸው ሞከረ፤ እሱም ጠፋ። ሁለተኛ ሞከሩ። ከዚያ አንድ በአንድ እጃቸውን አወረዱ። የሚይዙት ነገር ሲያጡ ዝም አሉ፤ ከዝምታው በኋላ ጸሎት ሆነ። ጆሲ እንዲህ ያለ ጸሎት አይቼ አላውቅም ይላል። ጆሲ ማጋነን ይወዳል፤ ሌሎቹ ግን እንዲሁ ብለውኛል።

ገበያ ቆጮ የምትሸጠውን ቆንጅትን ታውቃታለህ። ልጇ ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ከልመናው እስከ ምስጋናው ቆማ የምትጸልይ ሴት ናት፣ ስትንበረከክ አይተናት አናውቅም። ያንተ ጊታር ሲገባ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ሙዚቃው አልቆ ስብከቱ እስኪጀመር አልተነሣችም።

ትናንት ጋሽ ዘነበ መንገድ ላይ አቁመው ሙዚቃውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። ሠራሁት አልኳቸው። ተባረኪ አሉኝ። ከማን ጋር፣ ለምን፣ በምን ስም እንደሆነ አልተናገርኩም። አልዋሸሁም፣ አልጨረስኩም እንጂ። ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት ነገር የለም፤ ተኝቼ ነው ያደርኩት። ጠዋት ስነሣ ግን ወስኜ ነበር። ነገ ልምምድ ላይ የቀረውን እነግራቸዋለሁ። በሌላ ሰው አፍ ከሚወጣ በእኔ ይውጣ።

ያንተን ስም ማንሣቴ አይቀርም። ይቅርታ የምጠይቅህ ለዚህ ብቻ ነው።

ጸሐይ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጸሐይ እህቴ፣

ሳቅክ ወይ ብለሽ በስልክ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ ስቄያለሁ። የማጨብጨቡን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የቆንጅትን ሳነብ ግን አልሳቅኩም።

ይህ ሳይደርስሽ ተናግረሽ ከሆነ የሚከተለውን ዝለዪው። ካልተናገርሽ አትናገሪ። የጠየቀሽ የለም። ተባረኪ ብለውሻል፤ አሜን በይና እለፊ። ሰዎቹ ሙዚቃውን ወደውታል፤ የተሠራበትን ጓዳ ማሳየት ምን ይጠቅማቸዋል?

ጥያቄ ከመጣም ሁሉንም በእኔ አድርጊው። የሆቴል ጊታረኛ ነው፣ ኪቦርዴን ያለፈቃዴ ወስዶ ድራም ጨመረበት በያቸው። እኔን የሚያግደኝ የለም። የእኔ ሽማግሌ ሠረቀብርሃን ነው፤ የባንዱ አለቃ። ለእሱ ኃጢአት ማለት እንግዶች እየበሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ለጥብስ ነው የምጫወተው። ሰው ቀና ብሎ የሚያየኝ አስተናጋጅ መስዬው ሒሳብ ሊጠይቅ ሲፈልግ ብቻ ነው። በሳምንት ውስጥ የራሴ የምለው ያንቺ ፍላሽ የሚመጣበት ቀን ነው። ስለዚህ በእኔ ማሳበቡ አይጎዳኝም። ያንቺ መታገድ ግን ይጎዳኛል፤ አንቺ ከተቀጣሽበት በኋላ እንደበፊቱ የምትሠሪ አይመስለኝም።

አስቢበት።

ዘርዓብሩክ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክ፣

ምክርህ የደረሰኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስም ያው ነበር።

በአንተ የማላሳብበት ምክንያት ስላለኝ በቅድሚያ ልጻፈው። ሥራው የእኔ ነው። ቺንጋውን ቆሜ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ኪቦርዱ ላይ ብመለስ፣ በየእሁዱ የሚገባኝን ምስጋና ነው ለሌላ ሰው የምሰጠው። እንዲህ ያለ ደግነት የለኝም።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠሩኝ። ሻይ አቀረቡ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከባድ እንደሆነ የገባኝ። አንደኛው ያ ጊታር የሚጫወተው ሰው ይጠጣል ወይ አሉኝ። ሲጠማው ይጠጣል አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሌላኛው ለማን ብለሽ ነው የሠራሽው አሉ። ለማንም ብዬ አይደለም አልኩ፤ ስላማረኝ ሠራሁት። ለጌታ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው ብለው ደገሙት። ፊዚክስ ሳስተምር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም አልኳቸው። ይህኛው ላይ ጋሽ ዘነበ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ጉባኤው ፊት ቆሜ ዓለማዊ ሙዚቃ ወደ ጸሎት ቤት እንዳስገባሁ፣ የሰው ጸሎት በእኔ ምክንያት እንደተሳሳተ ተናግሬ ይቅርታ ልጠይቅ። ጀንፈል የሚባለውንም ልተው። እሺ ካልኩ በሳምንቱ ኪቦርዱ ላይ ነኝ። ካላልኩ ከአገልግሎት ታግጃለሁ። እስከዚያውም ታግጃለሁ።

ስንወጣ ካፊያ ነበር። ጋሽ ዘነበ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። እጄን ይዘው የኪቦርድ ቁልፍ ያስነኩኝ እሳቸው መሆናቸውን ታውቃለህ፤ ያኔ እግሬ መሬት አይደርስም ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤

«ቃል አስገቢበት። ስለ መስቀሉ ይሁን፣ ስለ ምስጋና ይሁን። ሰው እንዲያጨበጭብበትም አስተካክዪው። የመዘምራኑ ሥራ ይባላል፣ ያለፈውን ማንም አያነሣብሽም።»

«ጋሼ፣ ወደውታል?» አልኳቸው።

«ወድጄው ነበር።»

«ነበር?»

«ከየት እንደሆነ ሳላውቅ» አሉኝ። ጃንጥላውን ሊሰጡኝ ዘረጉት፤ አልተቀበልኩም። በስብሼ ገባሁ።

ጸሐይ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጸሐይ እህቴ፣

ከመርገምሽ በፊት ስሚው።

ጋሽ ዘነበ ደውለውልኝ ነበር። ቁጥሬን ከእናቴ ወስደው ነው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ነው የጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ «ልጄ» ብለውኛል። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም፣ እንዲህ ማለት አልነበረባቸውም። በመጨረሻ «ይቺን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ በእኔ እጅ እንድትወጣ አታድርጉኝ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።

ፍላሹ ላይ ያለው አዲሱ ነው። ስድስት ደቂቃ ነው። በአራት ምት አድርጌዋለሁ፤ ቺንጋውን አውጥቻለሁ። ጊታሬንም አውጥቼ በቦታው ቫዮሊን የሚመስል ነገር አስገብቻለሁ፤ ስለዚህ የራሴንም ቆርጫለሁ፣ ያንቺን ብቻ አይደለም። ቃል የሚገባበት ቦታ ክፍት ነው። ከእኛ ባንድ የምትዘፍነው እሌኒ ቦታውን ለማሳየት ያህል በ«ላ ላ» ሞልታዋለች። ያምራል። እሌኒ አልቅሳለች፤ እሷ ለማስታወቂያም ታለቅሳለች፣ ቢሆንም።

ተሸንፈሃል እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከዚህ ሆቴል ብባረር ሌላ ሆቴል እገባለሁ። አንቺ ከዚያ አዳራሽ ከወጣሽ ሌላ አዳራሽ አትፈልጊም፤ አውቅሻለሁ። ጀንፈልን ሌላ ቀን፣ በሌላ ስም እንሠራዋለን። ይህንን ስጪያቸው።

ትፈሪያለሽ ወይ ብዬ በስልክ ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

ዘርዓብሩክ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘርዓብሩክ፣

ሰማሁት። ያምራል። የተናደድኩት ስለሚያምር ነው።

በአራት ምት ሲሆን ማንም አይጠላለፍበትም። ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ እጁ የት እንደሚያርፍ ሁሉም ያውቃል። ሰዎቹ ያን እሁድ ዝም ያሉት እጃቸው ማረፊያ ስላጣ ነው። አንተ ማረፊያ ሰጠሃቸው። ከእንግዲህ ማንም አይንበረከክበትም፤ ያጨበጭቡና ይቀመጣሉ። ይህ ላንተ ሊነገርህ የሚገባ ነገር አልነበረም፣ ለሠረቀብርሃን እንጂ።

ሁለተኛው ነገር። ሽማግሌዎቹ ሲያግዱኝ ጠርተው፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ሻይ ሰጥተው ነው። አንተ ሳትጠይቀኝ ቆረጥክ። ጋሽ ዘነበ ሲደውሉልህ «ጸሐይን ጠይቋት» ማለት ይህን ያህል ከበደህ? እሳቸው ያሳደጉኝ ለዚህ ነበር፤ ጥያቄ ለእኔ እንዲመጣ።

ፍላሹን አጥፍቼ በከፈለኝ መልሼዋለሁ። ባዶ ነው፤ እንዳትፈልግበት።

ትፈሪያለሽ ወይ ላልከው፣ አዎ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ መሃል ተቀመጥኩ። በቦታዬ ያስቀመጡት ጎረምሳ ዝማሬውን በፍጥነት ያስኬደዋል፤ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ሲያስተካክሉት ያዝኳቸው። ያንን ወንበር እንደማላገኘው ካወቅኩ በኋላ ሌላ የሚያስፈራኝ ብዙ የለም።

እሁድ ታኅሣሥ 20 ጉባኤው ፊት እቆማለሁ። የምለውን አውቃለሁ። አትደውልልኝ፤ በስልክ ታባብለኛለህ፣ እኔም ደካማ ነኝ። ይልቅ ጊታርህን ወደ ሰባት መልሰው።

ጸሐይ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጸሐይ፣

መልሼዋለሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ሰባት ምት፣ ቺንጋው በቦታው። ጊታሩን አዲስ ቀዳሁት፤ የፊተኛው ይፈራ ነበር። መስኮቱን ዘግቻለሁ።

ይቅርታ ብዬ ረጅም ምክንያት ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ምክንያቱ ጋሽ ዘነበ «ልጄ» ስላሉኝ ነው። ሌላ የለኝም።

ስለ ሠረቀብርሃን የጻፍሽው ገብቶኛል። ቅዳሜ እራት መሃል ላይ የጀንፈልን የጊታር ክፍል ተጫወትኩት። ድራመሩ በአራት ሊከተለኝ ሞከረ፣ ተወኝ። አንድ እንግዳ ማንኪያውን አስቀምጦ ዞሮ አየኝ፤ ሒሳብ ሊጠይቅ አልነበረም። ሌሎቹ መብላት ቀጠሉ። ሠረቀብርሃን ከመድረክ ስወርድ «ሁለተኛ እዚህ እንዳትሞክረው» አለኝ። ሁለተኛ የምሞክረው እዚሁ ነው አልኩት። የገናን ምሽት ለሌላ ሰው ሰጥቶብኛል።

እሁድ ምን እንዳልሽ አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። እናቴ ገበያ ላይ የተወራውን ነግራኛለች። ግማሹ ተንበርክካ አለቀሰች ይላል፣ ግማሹ ሽማግሌዎቹን ሰደበች ይላል። እናቴ ሁለተኛውን ነው የምታምነው፤ ደስ ብሏታል።

ደግሞ ልጠይቅሽ። ሥራውን ዩቲዩብ ላይ ልጭነው ነው። ጀንፈል ብቻ ልበል ወይስ ስምሽን ልጻፍ? እስክትመልሺ አልነካውም። ዘንድሮ ጠይቆ መሥራት ተምሬያለሁ።

ዘርዓብሩክ


ዲላ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክ፣

አልተንበረከክኩም፣ አልተሳደብኩም። ለእናትህ ይህን ሳደርስ ቅር ይላቸዋል።

ጋሽ ዘነበ ስሜን ጠርተው ወደ ፊት አወጡኝ። ማይኩን ጆሲ አቀበለኝ። ፍላሹን በማሳሳቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ፤ ጆሲንም ጉባኤውንም ሳላስበው አሳስቻለሁ። ሙዚቃውን ስለ መሥራቴ ግን ይቅርታ የለኝም አልኩ። እኔ እንደሠራሁት፣ ከዘርዓብሩክ ጋር እንደሠራሁት፣ ነገም እንደምሠራ ተናገርኩ። ስምህን ከነአባትህ ነው የጠራሁት። የሰው ጸሎት በእኔ ተሳስቷል የተባለውን እኔ ልመልስ አልችልም፣ የጸለየው ይመልስ አልኩና ማይኩን አስቀመጥኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መዝሙር ይጀመራል። መሪው አፉን ከፈተ። ከመሃል ቆንጅት ተነሣች። እሷን ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ቤቷ ድረስ ሄደው አነጋግረዋት ነበር፤ ሳላውቅ ተታልዬ ነው የተንበረከክኩት እንድትል። ማይክ አልጠበቀችም።

«እኔ ልጄን ነው የለመንኩት፣ ጌታን ነው የለመንኩት» አለች። «አሁን ጸሎትሽን መልሺ ነው የምትሉኝ?»

 ቆማ ጠበቀች፤ በእርግጥ መልስ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው መዝሙሩ የተጀመረው፤ በጣም ቀጭን ሆኖ።

ከዚህ የተነሣ ሐሳባቸውን ቀይረው እንደሆነ ብለህ ተስፋ አታድርግ። አልቀየሩም። እገዳው ጸንቷል፣ ጊዜም አልተቆረጠለትም። ከመዘምራኑ ሁለቱ ሰላምታ አይሰጡኝም። ሉሲ፣ ሶፕራኖዋ፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ሰባቱ እንዴት እንደሚቆጠር አሳዪኝ አለችኝ፤ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላት። ለመቆጠሩ ቆጠረችው፤ ግን አልወደደችውም። ይህም መልካም ነው።

ስሜን ጻፍ። ከነአባቴ፣ ዲላ ብለህም ጨምርበት። የቡና ማጠቢያውን ሠራተኞች ግን ሳልጠይቃቸው ስማቸውን አትጻፍ፤ ሳምንት ሬኮ ወርጄ እጠይቃቸዋለሁ።

ወጥተሽ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ ላልከኝ፣ በስልክ ዝም ያልኩህ የማልመልስ ሆኜ አይደለም። ከአገልግሎት አገዱኝ እንጂ ከቤቱ አላገዱኝም። ትናንት የጌታ እራት ነበር። እናንተ ዘንድ ሥርዓቱ ሌላ ስለሆነ ልንገርህ። ኅብስቱ በሰሃን ሆኖ በየረድፉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የታገደ ሰው አይቆርስም። የተጻፈ ሕግ ባይኖርም የታገደ ሰው በዚያ ቀን ወይ አይመጣም፣ ወይ ከኋላ በሩ ጥግ ይቀመጥና ሰሃኑ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል።

ማልጄ ሄጄ ከፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። ቆንጅት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ረድፉ ሞላ። የእኛን ረድፍ ሰሃን የያዙት ጋሽ ዘነበ ነበሩ። ሰሃኑ ከዳር ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ቆንጅት ዘንድ ሲደርስ ቆመ። በእኔ እጅ ካላለፈ ወደሚቀጥለው ሰው አይደርስም። ቆንጅት ቆርሳ ሰሃኑን በሁለት እጇ ያዘች፤ ልትሰጠኝም፣ ልትመልሰውም አልተንቀሳቀሰችም። አዳራሹ በሙሉ ወደዚያ ያያል።

ጋሽ ዘነበ መጥተው ሰሃኑን ከእጇ ተቀበሉ። ከእኔ ወዲያ ላለው ሰው ለማቀበል በላዬ ላይ ማጎንበስ ነበረባቸው፤ አጎነበሱ። እጃቸው ይከብዳል፣ አርጅተዋል። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አንገቴን አልደፋሁም። ፊታቸው ከፊቴ አጠገብ ሲሆን በሹክሹክታ «ልጄ፣ ከኋላ ብትሆኚ ይቀለን ነበር» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ከቦታዬ አልተነሣሁም።

ጸሐይ